የአማቼ ቆርቆሮ

አምደወርቅ ማለት የወርቅ ዓምድ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ክረምት ቀርቶኛል፤ ተወልጄ ያደግኩት፣ አግብቼ የወለድኩት፣ ጥርሴንም የጨረስኩት በዚችው የዋግ ከተማ ነው። እስከ ዛሬ ወርቁንም ዓምዱንም አላየሁም። አንድ ዓምድ መጥቶልን ነበር፤ የመብራት ነው፣ ባሕር ዛፍ። ጫፉ ላይ የሚቀመጠው ቁራ ነው። መብራቱ እንደ እንግዳ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ዛሬ የማማርረው ግን ስለ መብራት አይደለም፤ መብራት ቢጠፋ ኩራዝ አለ። የማማርረው ስለ ቆርቆሮ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አማቼ በእኔና በእሱ ግቢ መካከል የነበረውን የቅንጭብ አጥር አስነቅሎ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ገተረ። ብሩን የላከው አዲስ አበባ ያለው ልጁ ነው። "አባቴ ዘመናዊ አጥር ይኑረው" አለ አሉ። ዘመናዊነቱን እኔ ልንገራችሁ። ከቀትር በኋላ ደጄ ላይ ቁጭ ስል ፀሐይዋን ተቀብሎ ዓይኔ ውስጥ ይጨምራታል። ሌሊት ብርድ ሲይዘው ይንቋቋል፤ እኔም ሌባ የመጣ መስሎኝ ዱላዬን ይዤ እወጣለሁ። ዝናብ ሲጥልበት ደግሞ መቶ ዲያቆን ከበሮ ይዞ ጓሮዬ የገባ ነው የሚመስለው። የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቢያንስ ካልነካኸው አይነካህም።

እርግጥ ከአማች ጋር ድንበር መግጠም በዋግ የቆየ ጣጣ ነው። የኛው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ ነበሩ፤ የካሳ ምርጫ እኅት። እኅቱን ሰጥቶኛልና አይነካኝም ብለው ተዘናግተው እንደሆነ እንጃ። በ1863 ዓ.ም. ክረምት ዓድዋ አጠገብ፣ አሰም ላይ፣ አማችና አማች ተገናኙ። ንጉሡ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ሄደው በሚስታቸው ወንድም ተማረኩ። ካሳ አፄ ዮሐንስ ሆኑ። የኔም አማች የባልተቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ዘውድ አልፈለገም፤ የሚፈልገው አንድ ስንዝር ነው። በየዓመቱ።

ቅንጭብ ቆርጠህ ብትሰካው ይጸድቃል። ይህን ፀባዩን ከአማቼ በላይ የሚያውቅ የለም። ክረምት በገባ ቁጥር "አጥሩ ሳስቷል፣ ልጠቅጥቀው" ይልና አዲሱን ከአሮጌው ወዲህ፣ በኔ በኩል ይተክላል። በዓመቱ የበስተኋላው ይደርቃል፤ ማን እንዳደረቀው እግዜር ይወቀው። እንዲህ እያለ አጥሩ በእግሩ ሄደ። ጌሾዬን ስተክለው ከድንበሩ ስምንት እርምጃ ገባ ብሎ ነበር። ኋላ ላይ ሥሩ እኔ ግቢ፣ ቅጠሉ እሱ ግቢ ሆነ። "ይህ እኮ የአያቴ ርስት ነው" ይለኛል ስናገረው። ዘሩን ከዋግሹሞች ይቆጥራል፤ በዋግ ዘሩን ከዋግሹም የማይቆጥር ሰው ካያችሁ መንገደኛ ነው፣ ውኃ ስጡት። የአማቼ ቆጠራ ከዛጉዌ ነገሥታት ይነሳና እኔ ጓሮ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ "የካቲት 1967 መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታውጇል" ብለው፣ "ሕዝቡማ እኔ ነኝ" አለኝ።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሦስት ሰዎች መጡ፤ አጥሩን ወዲያና ወዲህ ተመላለሱበት፣ አንዱ በዘንጉ ለካ፣ ሌላው የለካውን ረሳ። ከዚያ ቁጭ ብለው በዚያው በተካሰስንበት ጌሾ የተጠመቀውን ጠላ እስኪመሽ ጠጡ። ፍርዱ ይህ ነበር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጠላው ግን ጌሾ በዝቶበታል። ባልተቤቴ በአጥሩ ጉዳይ ምንም አላለችም ነበር፤ በጠላው ግን ሽማግሌዎቹን እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም።

እንግዲህ ይህን ያህል የበደለኝ አጥር ነው ዛሬ የናፈቀኝ። ቅንጭቡ መሽሎኪያ ነበረው። በታችኛው ጥግ፣ ዳማከሴው አጠገብ፣ አንዲት ሴት ወንፊት በብብቷ ይዛ ጎንበስ ብላ የምታልፍበት ቀዳዳ። ማንም አልሠራውም፤ ሰው ሲመላለስበት ራሱ ተከፈተ። በዚያ በኩል ፍም በገል ይሄዳል፣ እርሾ በጣሳ ይመጣል። ሙቀጫው የኛ፣ ዘነዘናው የነሱ ነበር፤ በርበሬ የሚወቀጥ ዕለት ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ልጅ ምች ሲመታው ዳማከሴ ለመቁረጥ የሚያስፈቅድ አልነበረም። እናቴ በሕይወት ሳለች የአማቼ እናት በዚያች ቀዳዳ አንገቷን ብቻ ታስገባና ሁለቱ በኽምጣና ያወራሉ። እግሯ እሷ ግቢ፣ ምላሷ እኛ ግቢ። ወጡ እስኪያርር ያወራሉ፤ ከዚያ ያረረውን ወጥ ምክንያት አድርገው እንደገና ያወራሉ።

አልክድም፣ ያኔም አማርር ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ በቀትር ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ሲገልጥ የአማቹ ሚስት አናቱ ላይ ቆማ ወንፊት ስትፈልግ ቢያገኛት ምን ይላል? "አይዞህ፣ ተኛ፣ እኔ ነኝ" ትለኛለች። እሷ መሆኗ መች ጠፋኝ! ዶሮዎቻቸው ገብተው ጎመኑን ይጭራሉ፣ ፍየላቸው ገብታ የጌሾውን ጫፍ ትቀነጥባለች። ልጆቻቸው ኮኩን ገና ጥሬ ሳለ ይጨርሱትና ሆዳቸውን ሲያማቸው የሚያለቅሱት እኛ ቤት መጥተው ነው። ኮክ በስሎ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ከገበያ ገዝቼ ነው።

ግን በ77 ድርቅ ጓሮ የሚባል ነገር አልነበረም። ጌሾውም ጎመኑም ደረቀ፤ ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ኮረም ተመመ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ይዛ ነበር። አንድ ማታ በመሽሎኪያው በኩል እጅ ገባ፤ በሶ የታሰረበት ጨርቅ ይዟል፣ ከነጥቅሉ ጭብጥ አይሞላም። የማን እጅ እንደነበር አውቃለሁ፣ ጠባሳ ነበረበት። ስለዚህ ነገር ከአማቼ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። ስለ ጌሾው ግን በየሳምንቱ እንነጋገራለን።

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። የዘንድሮ ጓሮ የኔ መሆኑ ቀርቷል፤ የካሮት ነው። ነገሩ የመጣው ከትልቅ ቦታ ነው። ሐምሌ 2007 ላይ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ፣ በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚቀነጭርበት አገር እንዳይኖር ቃል ገባ። ስሙ የኛዋ ሰቆጣ ነው፤ የታወጀው ግን አዲስ አበባ፣ በትልቅ ስብሰባ ላይ ነው። ስማችንን ሳይጠይቁ እንደ ወንፊት ተዋሱት። ለመመለሱስ መልሰውታል፤ ሥራው ሲጀመር ከተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው የተጀመረው። እኔ ጋ ሲደርስ አንዲት ቀጠን ያለች የግብርና ባለሙያ ሆኖ ደረሰ። ልጂቱ ትሑት ናት፣ ዓይኗ ግን ባዶ መሬት አይወድም። "አባባ፣ ይቺን ጥግ ምን ሊያደርጉባት ነው?" ስትለኝ፣ "ልቀመጥባት" አልኳት። በሳምንቱ ካሮት ተተከለባት።

ቀጥሎ ቆስጣ መጣ፣ ቀይ ሥር መጣ፣ ሆዱ ብርቱካን የመሰለ ስኳር ድንችም መጣ። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት በጎመን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቆስጣ ማለት ጎመን ሆኖ ሊወጣ አስቦ መንገድ ላይ የሰነፈ ነገር ነው። ቀይ ሥሩን ዐቢይ ጾም ላይ በላሁና በማግስቱ ጠዋት ነፍሴ ልትወጣ ነው ብዬ የንስሐ አባቴን አስጠራሁ። ባለሙያዋ ሰምታ ከሳቋ የተነሳ መቆም አቃታት። "አባባ፣ ቀለሙ ነው" አለች። ይህን ቀድሞ መናገር ነበር!

ውኃውስ? ውኃ በኛ አገር በጣት ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ የዕቃ እጣቢው ለካሮቱ፣ የእጅ መታጠቢያው ለቆስጣው ተብሎ ተደለደለ። ማታ ባልተቤቴ እግሬን ስታጥበኝ ዕድሜ ይስጥሽ ብዬ ነበር የማመሰግናት፤ አሁን ግን እግሬን ጨርሳ ሳታደርቀው ሳፋውን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። እጣቢዬ ወደ ካሮቱ ይሄዳል፣ ካሮቱ በሦስት ወሩ ወደ እኔ ይመለሳል። ይህን ሳስብ ካሮቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የልጅ ልጄ ግን ከመሬት እየነቀለች፣ በቀሚሷ እየጠረገች እየበላች ጉንጯ ድቡልቡል ብሏል። ይህንን ለባለሙያዋ አልነገርኳትም፤ ሌላ ጥግ ታይብኛለች።

ዶሮውንም ጀመሩት። ሳሶ የሚባል፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ እንደ ባለሥልጣን ረገጥ አድርጎ የሚሄድ። እንቁላሏ ይብዛ፣ አልዋሽም፣ ዕለት ዕለት ትጥላለች። ጥላ ግን ትነሳለች። መታቀፍ የለ፣ መኮፈስ የለ፣ ልጅ የለ። ባልተቤቴ የሷን እንቁላል ሰብስባ ለሐበሻዋ ዶሮ አስታቀፈቻት፤ ምስኪኗ ሃያ አንድ ቀን ከሲታ እስክትሆን ታቅፋ ስታስፈለፍል፣ ሳሶዋ ቆማ ታያለች። ከሁሉ የከፋው ግን ቋንቋ ነው። በኛ ቤት ዶሮ የሚባረረው በኽምጣና ነው። እናቴ በአማርኛ ትጸልይ ነበር፣ በኽምጣና ደግሞ ዶሮ ታባርር ነበር፤ አንድ ቃል ስትወረውር የአምስት ቤት ዶሮ ነው የሚበተነው። ሳሶዋን በኽምጣናም በአማርኛም ሞከርኳት። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችኝና ማሽላውን ቀጠለች።

ስለ ቦኖው ብዙ አልልም። ድሮ ውኃ ሲቀዳ ሰው ይሰለፋል፣ ሲሰለፍ ያወራል፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች እዚያ ይታወቃል። አሁን የሚሰለፈው ቢጫ ጀሪካን ነው። አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ ሌላው ክዳኑ የቆሎ ጠርሙስ ቡሽ ነው። ባለቤቶቹ የሉም። ሠላሳ ጀሪካን አንድም ሳይጋፋ፣ አንድም ሳይሳደብ ተራውን ይጠብቃል። ጨዋነቱ ደስ ይላል፤ የታመመ ሰው ግን ከጀሪካን አይጠየቅም።

ቡናውም እንደዚሁ ሆነ። መሽሎኪያው ሳለ ቡና ሲደርስ የአማቼ ሚስት ሙቀጫውን ጠርዙ ላይ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ባልተቤቴ የያዘችውን ጥላ ትሄዳለች። እኔ ቅር ያለኝ መስዬ ትንሽ ቆይቼ፣ አቦሉ ሳያልቅ እከተላለሁ። ከሚያዝያ ወዲህ ግን በስልክ ነው። አማቼ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ከኔ አራት ክንድ ርቆ ቁጭ ብሎ ይደውልልኛል። ስልኬ አይጠራም። እኔ ልደውልለት እሞክራለሁ፤ አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት ወጥታ የደወልኩለት ሰው በአሁኑ ሰዓት እንደማይገኝ ትነግረኛለች። አይገኝም! ሲያስለው ይሰማኛል እኮ! ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማኛል፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ኮርቷል" ሲል ይሰማኛል። "አልኮራሁም!" ብዬ ጮህኩ። "ቆይ፣ መስመሩ ገባ መሰለኝ" አለ ለሚስቱ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ።

ዞሮ መሄድ ይቻላል፤ በዋናው መንገድ ወጥቶ፣ የወፍጮ ቤቱን ጥግ ታጥፎ፣ በእነሱ በር መግባት። ቆጥሬዋለሁ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ለአንድ ሲኒ ቡና ይህን ያህል የሚሄድ ሰው ካልሲ ማድረግ አለበት፤ ካልሲ ካደረገ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ከሆነ ባዶ እጁን አይሄድም። ባልተቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ነጠላዋን ቀይራ፣ ጫማ አድርጋ ሄደች። ወንድሟ ከደጅ ሲያያት ደንግጦ ተነሳ። "ማን ሞተ?" አላት።

ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ የቆርቆሮው ነገር ለአገር ሁሉ ታየ። በኛ ሻደይ ነው፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በቆቦ ሶለል። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ባለቤቱ ወጥቶ የአቅሙን ይሰጣል። ድሮ እኔ ደጅ ጀምረው በመሽሎኪያው ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ወደ አማቼ ይገቡ ነበር፤ ሻደዩ ቅንጭቡ ላይ ሲንሿሿ ደስ ይል ነበር። ዘንድሮ ዞረው ሄዱ። አማቼ የቆርቆሮ በሩን ከውስጥ ዘግቶት ኖሯል፤ ሰባት ልጃገረድ ቆርቆሮ ስትደበድብ ከበሮው አልተሰማም። እሱም "የለሁም፣ ነገ ተመለሱ" አለ አሉ፣ ቀበሌ መስሎት። ከሰዓት በኋላ ሲገባው አሥር ብር ይዞ በየሰፈሩ ሲፈልጋቸው ዋለ። ሰባቱም ስልክ ይዘው ስለነበር "የለሁም" ያለው ተቀርጿል፤ የልጅ ልጄ በቀን ሦስት ጊዜ ታሰማኛለች። እኔም አልከለከልኳትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማሩ። የዋግን ማር የማያውቅ ቢኖር ሰቆጣ ይሂድና ይጠይቅ። እኔ ጣራዬ ሥር ስድስት ባህላዊ ቀፎ አለኝ፤ ከጭራሮ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ። ባለሙያዋ ሰባተኛ አመጣችልኝ፤ ሣጥን ነው፣ ቀለም የተቀባ፣ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ እንጨት ያለው፣ በእንጨቱም ላይ የሰም ንጣፍ የተለጠፈ። ንብ እንጀራውን ራሱ ጋግሮ ማሩን የሚያስቀምጥ ፍጡር ነው፤ አሁን ምጣዱ ግሎ፣ ሊጡ ተቦክቶ ቀረበለት። ይሰንፋል ብዬ ነበር፣ አልሰነፈም። ሣጥኑ ከባህላዊው ሁለት እጥፍ በላይ ሰጠ፤ ማሩም አመድና እጭ የለበት፣ ጥርት ያለ። ተናድጄ ሦስት ቀን አልቀመስኩትም።

ሌላም ነገር ነገረችን። እኛ አውራ እያልን የምንጠራው፣ ቀፎውን የሚገዛው ንብ፣ ሴት ናት አለች። ሁሉን የምትወልደው እሷ ናት፣ ማር የሚሠሩትም ሴቶቹ ናቸው፣ ወንዶቹ ቁጭ ብለው በልተው ክፉ ቀን ሲመጣ የሚባረሩ ናቸው አለች። ባልተቤቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "ይኼን ለማወቅ ነው እስከ ዩኒቨርሲቲ የሄድሽው?" አለቻት።

ንቦቼ ግን ድንበር አያውቁም። አማቼ ቅንጭቡን በገፋ ጊዜ ሽማግሌ የጠራሁበትን ቂም በዚህ ነው የተወጣው። "ንብህ በቀን አንድ ሺህ ጊዜ ያለ ፈቃዴ ይገባል፣ የባቄላዬን አበባ ግጦ ይወጣል፣ አንተ ግን ስለ አንድ ስንዝር ታወራለህ" አለኝ። ክርክሩ ውኃ ያነሳ ነበር። ስለዚህ ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ አንድ ቅል ለሱ ይሰጣል፤ የግጦሽ ነው። ይህ ውል ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አልተጻፈም፣ አልተሻረምም። በውሉ መሠረት ጭሱን የሚይዘው እሱ ነው።

ማር የሚቆረጠው በጨለማ ነው። ንብ ብርሃን ካየ ወደ ብርሃኑ ይመጣል፤ ስለዚህ ኩራዝ የለ፣ ባትሪ የለ፣ ያለው የኩበቱ ፍም ብቻ ነው። አማቼ የሚስቱን ነጠላ ተከናንቦ በመሽሎኪያው ይገባል፤ በአንድ እጁ የሚጤስ ኩበት በገል ላይ ይዟል፣ በሌላው ነጠላውን አፉ ላይ ይጠብቃል። እኔ የቀፎውን ክዳን እበት በቢላ ጫፍ ዙሪያውን እፈቀፍቃለሁ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ሽታው ነው፤ ሞቃት፣ እንደ አዲስ ጥምቅና እንደ አበባ። "ንፋ!" እለዋለሁ። ይነፋል፣ ጭሱ ወደ ንቦቹ ሳይሆን ወደ ዓይኔ ይመጣል። "ወደ ውስጥ!" እለዋለሁ። "ነፋሱን እኔ ልዘዘው?" ይለኛል። ከዚያ ያስነጥሰዋል፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ጊዜ ሳያስነጥሰው ቀርቶ አያውቅም። ሲያስነጥሰው ነጠላው ይገለጣል፣ ነጠላው ሲገለጥ ከንፈሩን ትነድፈዋለች። ሁልጊዜ የላይኛውን። እኔ እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ የመጀመሪያውን እንጀራ ስቆርጥ የፍሙ ቀለም ላዩ ላይ ይወድቃል። ግማሹን ለሱ እሰጠዋለሁ፤ ከነሰፈፉ፣ ገና እንደሞቀ፣ እዚያው ቆመን እናኝካለን። ከንፈሩ ያበጠ ሰው ማር ሲበላ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ በዓል ነው።

ዘንድሮ ቆርቆሮው መጣ። ንቦቹ ከቁብም አልቆጠሩት፤ ከፍ ብለው ያልፉታል፣ የባቄላውን አበባ እንደ ወትሮው ይግጣሉ። የግጦሹ ዕዳ እንደቀጠለ ነው ማለት ነው። አማቼ ግን መብረር አይችልም። ኩበቱን እያጨሰ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ በዋናው መንገድ፣ በሌሊት፣ የሚስቱን ነጠላ ተከናንቦ ቢመጣ ውሻውም ጥበቃውም አይለቀውም።

ባለፈው እሑድ በበሬ በኩል መጣ፤ ካልሲ አድርጓል። ደጄ ላይ ቁጭ አለና ቆርቆሮውን ከኔ በኩል ትክ ብሎ አየው። ከዚህ በኩል አይቶት አያውቅም ነበርና ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች። "እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርግህ?" አለ፣ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ። ዝም አልኩት። እሱ ግን ዝም አላለም። ሌሊት ሲንቋቋ እንደማይተኛ፣ ሚስቱ ቡና ብቻዋን ስትጠጣ እንደምታጉተመትም፣ ሐበሻዋ ዶሯቸው እኛ ቤት የለመደችውን መጣያ አጥታ እንቁላል መጣል እንዳቆመች ነገረኝ። "ታዲያ ለምን አታስነቅለውም?" ስለው፣ "ልጄ ይቀየመኛል፣ በሚቀጥለው በዓል መጥቶ ያየዋል" አለኝ። ለልጁ በስልክ ሲነግረው "አጥሩ ግሩም ነው፣ አምሮብናል" እያለ እንደሚዋሽም ራሱ አምኗል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ላለው ልጅ ነው። ልጄ፣ በትንሽነትህ ኮኬን ጥሬውን የጨረስክ አንተ ነህና ታውቀኛለህ። ለአባትህ በማሰብህ ተመስገን፣ ቆርቆሮውም ጥሩ ቆርቆሮ ነው። ሙሉውን ንቀል አላልኩህም። በታችኛው ጥግ፣ ከዳማከሴው አጠገብ ያለችውን አንዷን ብቻ እንዲያነሱ ለአባትህ ደውለህ ንገረው። ስልኩ እምቢ ካለህ በሰው ላክበት። መዶሻ እኔ ጋ አለ። ማሩ የሚቆረጠው ኅዳር ላይ ነው፤ ወንፊታችንም ከሚያዝያ ጀምሮ እናንተ ቤት ነው ያለው።